በጣትዎ ያሳዩኝ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገጽ ላይ ያልነበራችሁ ካላችሁ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ እንዳትጠፉብኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ነኝ። እናቴ እዚያው ክሊኒክ ጽዳት ናት፤ ያንን ወለል መወልወል ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ባለቤቱ ትልቁ ዶክተር ናቸው። እኔ ግን ጋሼ ነው የምላቸው፣ ምክንያቱም በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእናቴ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ደብተሬን ዘርግቼ የማጠናው እሳቸው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ልጅ አላቸው። እሱም የጥርስ ሐኪም ሆኖ አብሯቸው ይሠራል፤ ትንሹ ዶክተር እንለዋለን። እኔም አገር ምድሩ ወንድ አልቆ ይመስል፣ የወደድኩት እሱን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በካርድ ነው። የፍቅር ካርድ እንዳይመስላችሁ። መዳፍ የምታህል ነጭ ካርድ ናት፤ ላይዋ ላይ ሦስት ጥያቄ ተጽፏል። አንድ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ። ሁለት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? በጣትዎ ያሳዩኝ። ሦስት፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ? ይህን ለታካሚው አነባለሁ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ያለውን የጥርስ ቁጥር ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እሱ ራጁን አይቶ ያንኑ ቁጥር ይደግማል። ታካሚው ያሳየው፣ እኔ ያልኩት፣ እሱ የደገመው አንድ ከሆነ ካርዱ ላይ እፈርማለሁ። ካልፈረምኩ መንቀያ አይነሳም። ይህን ያመጣው ትንሹ ዶክተር ነው፤ አንዲት ሴትዮ ሰውነቷን የሚያሳብጣትን መድኃኒት ልንሰጣት ስንል እህቷ በር ላይ ባትደርስልን ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር።

ጋሼ ስቀውበታል። «አርባ ዓመት ስነቅል ኖሬ፣ ዛሬ ታካሚ በጣቱ ያሳየኝ?» አሉ። ግን ልጃቸው ነውና ተዉት።

እኔ ደግሞ መቼም ደንብ ከተሰጠኝ አለቅም። አንድ ቀን ትንሹ ዶክተር ቸኩሎ መርፌውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። «አልተነበበም» አልኩት። ታካሚው ደነገጠ፣ እሱ ግን ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንስፔክተር ይለኝ ጀመር። እኔ «ሃያ ስድስት» ስል እሱ «ሃያ ስድስት» ይላል። እኔ «አርባ ሰባት» ስል እሱ «አርባ ሰባት» ይላል። በቀን አሥር ጊዜ ያልኳትን የሚደግምልኝ ወንድ ከየት አመጣለሁ? ማተሚያ ቤቱ አበላሽቶ ያተማቸው መቶ የሚሆኑ ካርዶች ነበሩ፤ ጀርባቸው ባዶ ነው። እነሱ ላይ እየጻፈ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ይከትልኛል። ኪሱ ሰፊ ነው፤ ጋወኖቻችንን የምትሰፋልን ሴትዮ ሆን ብላ ነው ያሰፋችልኝ። «ጓንቱንም፣ እስክሪብቶውንም፣ ምስጢርሽንም ይያዝልሽ» ብላኝ ነበር። ይቺን ሴትዮ አስታውሷት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሣሪያ የምንቀቅልበት ክፍል ውስጥ ሆኜ መስተዋቶቹን ስደረድር ጋሼ ገቡና በሩን ዘጉት። በሩን ዘግተው አያውቁም።

«ልጄ በመጪው ወር ውጭ አገር ሊማር ነው። ሦስት ዓመት ነው። ነግሮሻል መቼም» አሉኝ።

አልነገረኝም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስድስት ካርድ ጽፎልኛል፤ አንዱ ላይ ስለ ድመቱ ነበር። ስለ ድመቱ የጻፈ ሰው ይህን ዘሎ አለፈው ብዬ አሰብኩ።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኩ።

ፊቴን አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «እናትሽን እንደ እህቴ ነው የማያት። አንቺንም ሰው እንዲጫወትብሽ አልፈልግም፤ የራሴ ልጅም ቢሆን። ለዚህ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ» አሉና ወጡ። በሩን ከፍተውት ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ እናቴ ጎንበስ ብላ ስትወለውል ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ነው የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የማንን ልጅ እንደወደድኩ ቁጭ ብሎ የታየኝ።

ያን ዕለት ሳልሰናበተው ወጣሁ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ ገና በሩ ሳይከፈት፣ ትንሹ ዶክተር የመጀመሪያዋን ታካሚ መዝገብ ይዞ መጣ። ከመዝገቡ ሥር አንድ ካርድ አለ። ጆሮው ቀልቷል፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል።

«አሁኑኑ አንብቢው፤ ታካሚዋ ሳትገባ» አለኝ።

ተቀበልኩና ሳላየው ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም ዶክተር።»

ለብቻችን ስንሆን ዶክተር ብዬው አላውቅም። እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምላሰኛ የሚለኝ፣ ለአንድ ቀን ዝም ማለት አማረኝ። ልቀጣው ነበር የፈለግሁት፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ያቺ ጋወን ሰፊዋ ነበረች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ቀልቷል። ጋሼ ረቡዕ አይተዋት፣ ራጅ ተነስታ፣ የላይ ግራ አራተኛዋ ጥርስ ሥሯ መግሏልና ትነቀል ብለው መዝገቡ ላይ ጽፈዋል። የሚያስቸግረው፣ በስተቀኝም በስተግራም አራተኛዎቹ ጥርሶቿ ድሮ አንድ ሰሞን የተሞሉ ናቸው፤ ከላይ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። የታመመችው የትኛዋ እንደሆነች የምትለየው በራጅ ወይም ራሷ ስታሳየን ብቻ ነው።

የራጁ ፊልም ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ጥጉ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ፊልሙን መብራት ሳጥኑ ላይ ስትሰቅለው ነጥቧ ወደ አንተ አበጥ ካለች ልክ ነው፤ ጎድጎድ ካለች ፊልሙ ተገልብጧል፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን የተማርኳት ነገር ናት። ሁልጊዜ በአውራ ጣቴ ዳበስ አደርጋታለሁ። ያን ዕለት ዓይኔ እንባ አዝሎ፣ እንዳያየኝ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ሰቀልኩት። ዳበስ አላደረግኳትም።

ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ጋደም አለች። ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ባዶዋን ተኝታለች። ትንሹ ዶክተር ጓንቱን አጥልቆ ቆመና ጠበቀኝ። አፌን እንድከፍት፣ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» እንድል። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ መሣሪያ መደርደር እንደያዘው ሰው ትሪው ላይ አቀረቀርኩ። ምን ያህል እንደጠበቀኝ አላውቅም። ረጅም ነበር። ከዚያ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁ፤ ወደ ራጁ ዞረ፣ አየው፣ መርፌውን አነሳ። እኔም እጁን አልያዝኩትም።

ማደንዘዣው በስተቀኝ ሲገባ ሰፊዋ «ዶክተር» አለች፤ አፏ ተከፍቶ ነው የተናገረችው።

«ያምዎታል?» አላት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አያምም ለማለት። ሌላ ነገር ልትል እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ጥርሷ ወጣች። ሳህኑ ላይ ስትወድቅ አየኋት፤ ሥሯ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው። የመገለ ጥርስ ሥር እንዲያ አይሆንም። በዚያች ደቂቃ «እስቲ እያት» ብዬው ቢሆን ኖሮ መልሰን ቦታዋ እንከታት ነበር፤ በሰዓቱ ከሆነ አንዳንዴ ይይዝላቸዋል። ግን «እስቲ እያት» ማለት ቀድሜ እሱን ማናገር ነው። እንዲህ ያለም ሥር አለ ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ሳህኑን ደፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፊዋ ተመልሳ መጣች። ጉንጯን ይዛለች፤ ግራ ጉንጯን።

«ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ» አለች። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይህ ይቅርታዋ ነው። «ሕመሙ እንዳለ ነው። ደግሞ ያቺ የወጣችው… ክር የምበጥስባት ነበረች።»

ትንሹ ዶክተር አፏን ከፍቶ አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ መብራት ሳጥኑ ሄደ፣ ፊልሙን አወረደ፣ አውራ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ። ነጥቧ ጎድጎድ ብላለች። እዚያው ቆሞ ቀረ።

ተመልሶ መጣና አጠገቧ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቷ ትይዩ እንዲሆን።

«እትዬ፣ የታመመችውን ትቼ ጤነኛዋን ነው የነቀልኩብዎት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰፊዋ አየችው። ምላሷን ወደ ባዶው ቦታ ስትልክ ጉንጯ ላይ ታየኝ። «እኔማ ሲወጉኝ በዚህ በኩል አይደለም እንዴ ብዬ ነበር። ግን እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነው። ሐኪም ተሳስቷል ብሎ ማን ያስባል?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህብን እንዴት ደስ ባለኝ።

የታመመችውን ጥርስ ያን ዕለት ነቀለላት፤ ካርዱን ራሱ አንብቦላት፣ በጣቷ አሳይታው። እኔ መብራቱን ያዝኩ። ስትሄድ እስከ ደጅ ሸኛት፣ መኪናውን አስነስቶ ቤቷ አደረሳት። እኔ መቀቀያው ክፍል ገብቼ ዓርብ የሰጠኝን ካርድ ከኪሴ አወጣሁ።

እንዲህ ይላል፦

«ኢንስፔክተር፣ ውጭ አገር ለሦስት ዓመት ሊያስተምሩኝ ተቀብለውኝ ነበር። ትናንት አልመጣም ብዬ ጻፍኩላቸው። አባቴ ገና አላወቀም። ለአንቺ ሳልነግርሽ የወሰንኩት በኔ ምክንያት ቀረ ብለሽ እንዳትጨነቂ ነው፤ የቀረሁት እኔ መሄድ ስላልፈለግሁ ነው። ዛሬ ከሥራ በኋላ እናትሽ ጋ ልመጣ እፈልጋለሁ፤ የአሠሪዋ ልጅ ሆኜ ሳይሆን፣ ልጅሽን ስጪኝ ብዬ። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ፈራሁ። ከተስማማሽ ለመጀመሪያዋ ታካሚ ሦስተኛውን ጥያቄ ስታነቢ ፈገግ በዪልኝ። ካልተስማማሽ ዝም ብለሽ አንብቢና ቀጥዪ፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

እኔ ደግሞ ጭራሽ አላነበብኩም።

ለካ ያን ጊዜ ጓንቱን አጥልቆ የጠበቀው ካርዱ እስኪነበብ ብቻ አልነበረም። የሕይወቱን መልስ ነበር የሚጠብቀው። ቀና ብዬ ሳላየው ስቀር መልሱን ያገኘ መሰለው፤ ያ የተረበሸ እጅ ነው መርፌውን ያነሳው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ መወልወያዋን ይዛ ገባችና አየችኝ። «ምነው ልጄ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ባልዲዋን አስቀምጣ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ጀርባዬን ስታሸኝ ቆየች።

ሰኞ ትንሹ ዶክተር አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ጋሼ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ካርድ አለ፤ የሰፊዋ ካርድ። ተሞልቷል። ጽሑፉ የሳቸው ነው፤ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ጽሑፍ። «ታካሚዋ ሕመሟ በስተቀኝ እንደሆነ በጣቷ አሳይታለች» ይላል። የቀረው ፊርማ ነው።

«ነገ የሙያ ፈቃድ ቢሮ ሰው ይመጣል። ራሱ ነው ሄዶ የተናገረው፤ ብለምነው አልሰማኝም» አሉኝ።

«እጄን እዪው» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው አንድ ቦታ አይቆሙም። «ዓመት ሙሉ መርፌ እንደማልይዝ ታውቂያለሽ። ለማንም ሳትናገሪ ሸፍነሽልኛል። እሱ ከታገደ ይህ ቤት ይዘጋል። እኔ ግድ የለም፤ እድሜዬን በልቻለሁ። ሌሎቻችሁስ? እናትሽስ?»

«ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ውሸት መሆኑን አጥቼው አይደለም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አላዝሽም። አልቆጣሽም። እለምንሻለሁ ልጄ። ፊልሙን ማን እንደሰቀለው ጠይቄሻለሁ?»

አልጠየቁኝም። ያን ጊዜም ያወቁ ይመስለኛል።

እስክሪብቶውን ሳነሳ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ለኔ ብሎ ሦስት ዓመት ትምህርቱን ትቷል፤ እኔ ለሱ አንድ ፊርማ ያቅተኛል? ሰፊዋን አላሰብኳትም። እምላለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለችኝም። ፈረምኩ። ጋሼ ካርዱን ሳቡና በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሆነን ተቀመጥን። ከቢሮ የመጣችው መርማሪ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጋሼ በስተግራዋ፣ ሰፊዋ በስተቀኟ። ትንሹ ዶክተር ፊት ለፊቴ ነው። ሦስት ቀን አልተላጨም። ሳይሸሸኝ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። የጻፈልኝን ካርድ አንብቤው እንደሆነ በዓይኑ ጠየቀኝ። አንብቤዋለሁ ልለው ፈለግሁ፣ በዓይን እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ።

መርማሪዋ የሱን ደብዳቤ አወጣችና አነበበችው። ደብዳቤው አጭር ነበር። ካርዱ አልተነበበም፤ ቁጥሩን አልደገምኩም፤ ፊልሙን አላጣራሁም፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ይላል። ስለኔ አንድ ቃል የለበትም። ማን ፊልሙን እንደሰቀለው፣ ማን ማንበብ እንደነበረበት አልጻፈም።

«እንዲህ ብለው ጽፈዋል» አለች መርማሪዋ። «ግን ከመዝገቡ ጋር የተፈረመ ካርድ አግኝቻለሁ።» መነጽሯን አጠለቀች። «ታካሚዋ ሕመሟ በስተቀኝ እንደሆነ በጣቷ አሳይታለች ይላል።»

ትንሹ ዶክተር አንገቱን ወደ ካርዱ አሰገገ። ፊርማዬን ያውቃታል። ለሁለት ዓመት በቀን አሥር ጊዜ ያያት ፊርማ ናት።

ሰፊዋ ግራ ገባት። «እኔ ነኝ ያሳየሁት?» አለች።

መርማሪዋ ካርዱን ወደሷ አዞረችላት።

«እኔ እንጃ» አለች ቀስ ብላ። «እንቅልፍ አልነበረኝም። ፈርቼም ነበር።» ቀኝ እጇን አንስታ ጣቷን አየችው፤ ከዚያ ጉንጯ አጠገብ ወሰደችው፣ ዓርብ ዕለት ያደረገችውን ለማስታወስ እንደምትሞክር። «አሳይቼ ይሆናል እንግዲህ። እነሱ ምን ያድርጉ? እንዲህማ ከሆነ ራሴው ነኝ ያጠፋሁት። ዶክተርን አትንኩብኝ።»

ያቺ ጣት ዛሬም ሕልሜ ውስጥ ትመጣለች። ጤነኛ ጥርሷን ነቀልንባት፤ አሁን ደግሞ የገዛ ትውስታዋን ልነጥቃት ነው። ቀና ስል ትንሹ ዶክተር እያየኝ ነበር። አልገሠጸኝም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ፤ እንደማያውቀኝ ሰው።

ብናገር በሐሰት የፈረመች ረዳት ነኝ፤ ካሁን በኋላ የትም ክሊኒክ አልገባም፤ እሱም ይታገዳል። ዝም ብል እሱ ይተርፋል፣ እኔም እተርፋለሁ፣ ግን እንደዚያ እያየኝ ነው የምንኖረው። የትኛውም መንገድ መውጫ አልነበረውም።

«አላሳዩም» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «እትዬ፣ አላሳዩም። አልጠየቅኩዎትም። ካርዱን አላነበብኩም። ፊልሙንም ገልብጬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጥርሱ ሲወጣ ሥሩ ጤነኛ መሆኑን አይቼ ዝም አልኩ። የፈረምኩት ትናንት ነው።»

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ካርዱን ማን እንደሞላው መርማሪዋ ጠየቀችኝ። መልሱን እኔ ከመናገሬ በፊት እሳቸው «እኔ ነኝ» አሉ።

ሰፊዋ ወደኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?» አለችኝ ብቻ። ጋወኔን ለብሼ ነበር፤ እሷ የሰፋችውን።

መርማሪዋ ስትወጣ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ባዶ ካርድ አንስታ ገልብጣ አየቻት። «ይቺን ማን ነው ያዘጋጃት?»

ትንሹ ዶክተር ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ጥሩ ናት። ሌሎች ክሊኒኮችም እንዲጠቀሙባት አደርጋለሁ» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። አሁን ከተማው ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ ብትሄዱ ያቺ ካርድ ትነበብላችኋለች። እሰየው ነው፤ እውነቴን ነው። እኛን ግን አላተረፈችንም።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። እሱ ሩቅ ያለ ሆስፒታል ሄዶ በሌላ ሐኪም ቁጥጥር ሥር አንድ ዓመት እንዲሠራ፤ እኔ ከረዳትነት ሥራ እንድሰናበት። ጋሼ ክሊኒኩን ዘጉት። እናቴ በመጨረሻው ቀን የማንም እግር የማይረግጠውን ወለል ወልውላ ጨረሰች፤ «ለምንድነው የምትወለውዪው?» ስላት «እንደቆሸሸ አይዘጋም» አለችኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው ዕቃዬን ልወስድ የመጣሁት። መቀቀያው ክፍል ውስጥ መሣሪያዎቹ በካርቶን ታሽገዋል። ጋወኔን አውልቄ ሳጣጥፍ በሩ ላይ ቆመ። ቦርሳው በትከሻው ነው።

«አንብበሽው ነበር?» አለኝ።

«ቅዳሜ። ዘግይቼ።»

«ቅዳሜ» አለ። እንደ ድሮው ያልኩትን ደገመ።

«ሦስት ዓመት ልትሄድ ነው አሉኝ አባትህ። እኔም አመንኩ። አንተን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«እኔም በአፌ መናገር ነበረብኝ» አለ። «ካርድ ላይ ጽፎ ኪስ መክተት ምን ይባላል? ታካሚዬን አስተኝቼ ፈገግታሽን ስጠብቅ ነበር እኮ። እሷ አፏን ከፍታ እኔ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።»

ልጠጋው ፈለግሁ፤ ጋወኔን አጣጥፌ ጨረስኩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ካርድ አነሳ። እጁ ላይ ሲያገላብጣት ቆየና በዚያ የሥራ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። እስከ አያቴ ድረስ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? በጣትሽ አሳዪኝ።»

እጄን አነሳሁ። ደረቴ ጋ ወሰድኩት፣ ጉሮሮዬ ጋ ወሰድኩት፣ የማሳርፍበት አጣሁ። አየር ላይ ቀረ። እሱም ጣቴን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ካርዱን አጠፈው።

«ሦስተኛውስ?» አልኩት።

«ዛሬ አልጠይቅሽም።»

«ለምን?»

መልሱን ቀስ ብሎ ነው ያወጣው፤ እንዳያቆስለኝ እየተጠነቀቀ። «ለኔ ብለሽ ፈረምሽ። ከልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንን እያወቅኩ ልጠላሽ አልቻልኩም። ግን አሁን ብትስቂልኝ፣ እውነት ይሁን ለኔ ብለሽ ይሁን መለየት አልችልም። አንድ ዓመት ስጪኝ። ስመለስ እጠይቅሻለሁ።»

«ካልተመለስክስ?»

ወለሉን አየ። እናቴ የወለወለችው ወለል ነው፤ ፊቱ እስኪታይ ድረስ ያበራል። «እኔ እንጃ» አለኝ። ዋሽቶ ሊያጽናናኝ ይችል ነበር። አላደረገውም።

ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት፤ አንድ ጊዜ ቆመ፣ ልቤም አብሮት ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። የውጭው በር ተዘጋ።

ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ታጥፋ ቀርታለች። ዘረጋኋትና ሦስተኛውን ጥያቄ ራሴው ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ቃል በቃል፣ ለታካሚ እንደማነበው። አንብቤ ስጨርስ ፈገግ አልኩ። ከልቤ ነው፤ ለማንም ብዬ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ግን ያየኝ ሰው አልነበረም።